ከዳገቱ ሥር ያሉት አምስት ቤቶች

መጋቢት 4

ዛሬ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ። አርባ ስድስት የእሳት ማጥፊያ አየሁ። ዘጠኙ ጊዜያቸው አልፏል። አንዱ ጭራሽ ባዶ... የጥበቃው ክፍል በር በንፋስ እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ሆኗል። "ኧረ እዚህ ቤት እሳት ተነስቶ አያውቅም" አለኝ ጥበቃው እየሳቀ። ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአደጋ መከላከል ተቆጣጣሪ ሆኜ ይህንኑ ስሰማ ኖርኩ።

ቤት ስደርስ ሊፍቱ ቆሟል። ሰባተኛ ፎቅ በእግር። አራተኛው ላይ ትንሽ አረፍ... አምስተኛው ላይ ብዙ አረፍ። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና መንገደኛ ትቆጥራለች።

"ዛሬ ስንት ደረሰ?"

"መቶ አሥራ ሦስት። የማውቀው አንድ የለም።"

ሻይ አፍልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደህና ቀን ነበር።

መጋቢት 9

ባለቤቴ ነገሩን ዛሬም አነሳው። "ጡረታሽ ኅዳር ላይ ነው። የኔ መጋረጃ ስፌት እንደሆነ የትም ይሠራል። ምን እንጠብቃለን?"

እውነቱን ነው። አምና አውሎ ነፋሱ ከተማውን ካጨለመው ወዲህ ሁለታችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው። ዘጠኝ ቀን መብራት የለ፣ ውሃ የለ፣ ሊፍት የለ። በአምስተኛው ቀን እማዬ ታመመችና ወንበር ላይ አስቀምጠን ደረጃውን አወረድናት። እሱ ከፊት፣ ጎረቤታችን ከኋላ፣ እኔ ባትሪ ይዤ። ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወረደች። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ አንስታ አታውቅም።

ስለዚህ ገጠር። የራሳችን ውሃ፣ የራሳችን ጓሮ፣ ደረጃ የሌለው ቤት። ክፉ ቀን ሲመጣ የማንንም እጅ የማያይ ቤት። ባለቤቴ በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ነው የሚያመሸው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ፣ የፀሐይ መብራት፣ የዶሮ ቤት... "መሐንዲሱ" ነው የምለው። ትናንት ሠላሳ ሜትር ገመድ ገዝቶ ከች አለ።

"ምን ሊሆን?"

"ገመድ መቼም ይጠቅማል።"

እኔ ግን በምኞት ሳይሆን በሥራ ይሁን ብያለሁ። ደብተር አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱ ከአሥር። ውሃው። መውጫ መንገዱ፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላ መኖር አለበት። ተዳፋቱ። ንፋሱ። ጤና ጣቢያው በእማዬ እርምጃ ስንት ደቂቃ? "ጎረቤት" ብዬ ስድስተኛ ልጨምር ስል መሐንዲሱ ሳቀብኝ። "ከሰው ልንርቅ አይደል እንዴ የምንሄደው?"

ተውኩት።

መጋቢት 20

የመጀመሪያው ቦታ። ወንዝ ዳር። መሐንዲሱ ገና ከመኪና ሳይወርድ ወንበሩን የት እንደሚያስቀምጥ መርጦ ጨርሷል። ያምራል፣ አይካድም። ግን ከራሴ በላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ፣ ደረቅ ሣርና አንድ የጎማ ጫማ ተንጠልጥለው አየሁ። ማን ሰቀላቸው? ወንዙ ነዋ።

"ጫማውን ሰው ወርውሮት ሊሆን ይችላል።"

"ከነሣሩ?"

ወደ ቅርንጫፉ ቀና ብሎ አየ። ዜሮ ሰጠሁ። ለወንዙ ነው፣ ለባሌ አይደለም።

መጋቢት 27

ሁለተኛው ቦታ። ጉብታ ላይ ያለ ሜዳ፣ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ። ዛፍ የሚባል የለበትም። ንፋሱ ባርኔጣዬን ይዞት ሄደ። ጉድጓዱ አሥራ ስምንት ሜትር ይጠልቃል፣ ውሃው ግን ጥሩ። መንገዱ በሁለት በኩል ያስወጣል። ጤና ጣቢያው ሃያ አምስት ደቂቃ።

"ይሄማ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው" አለ መሐንዲሱ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዱቄት በዱቄት ሆና ወጣች። እኩያዬ ትሆናለች። ድምጿ ግን ከወፍጮው ይበልጣል። "መሬት ልትገዙ? እዚህ ላይ? በጤናችሁ ነው?" አለችን። ቀጥላ ወንበር አመጣች፣ ሻይ አመጣች፣ የአካባቢውን ሰው ሁሉ ወሬ አመጣች። ልንሄድ ስንል መኪናው ድረስ እያወራች ሸኘችን። መስኮቱን ዘግተንም ታወራ ነበር።

ሠላሳ አምስት ከሃምሳ። ደህና ውጤት ነው... ልቤ ግን አልከጀለውም።

ሚያዝያ 5

አገኘነው!

ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ አረንጓዴ ዳገት ሥር። አምስት ቤቶች በተርታ ቆመዋል፣ የኛ የመጨረሻው ነው። "የኛ" እያልኩ ነው ከአሁኑ... ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗል፣ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ቤቱንና ጓሮውን ሸጠው ጥግ ላይ ባለችው አንዲት ክፍል ሊኖሩ ነው ሐሳባቸው። ከንቦቻቸው ጋር። ሰፈሩ "ጋሽ ቀስበቀስ" ይላቸዋል። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባን። ቤቱን እንዴት ሠሩት ጋሼ? ቀስ በቀስ። አሥራ አራት ቀፎ እንዴት ሆነ? ቀስ በቀስ።

ምንጭ ከበሩ አሥር እርምጃ ላይ ይፈልቃል። ብርቱካን አለ። ዳገቱ ንፋሱን ይጋርዳል። እማዬ በሁለት ቁራሽ ዳቦ ማር በላች፣ ከዚያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ነከረች። እንዲህ ስትዝናና ካየኋት ስንት ጊዜ ሆነኝ?

ልንወጣ ስንል በሩ አልከፈትልኝ አለ። "ገፋ አድርጊው ልጄ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጣበቃል። አናጢ አምጥቼ ሁለቴ አስላግኩት" አሉ ጋሼ።

አርባ አራት ከሃምሳ። ከጎን በኩል "በሩ" ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። የሥራ ልማድ ይሆናል።

ሚያዝያ 12

ጓሮውን ለመለካት ሜትር ይዤ ሄድኩ። መሐንዲሱና ጋሼ ስለ ቀፎ ሲያወሩ እኔ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ከላይ ሆኜ እይታውን ልየው ብዬ ነበር...

የዛፎቹ ግንድ ከሥሩ ጋ ጎብጦ ከዚያ ወደ ላይ ይቀናል። እንደ መንጠቆ። አንድ ሁለቱ ቢሆን ምንም አልነበረም። ሁሉም ናቸው። ዛፍ እንዲህ የሚጎብጠው ከሥሩ ያለው መሬት እየሸሸ ሲያስቸግረው ነው። የአጥሩ እንጨቶችም ሁሉም ወደ ቁልቁል ዘመዋል። ወደ አናቱ ስጠጋ እግሬ ሣር ውስጥ ጎደጎደ። ስንጥቅ። ግማሽ ጨረቃ መስሎ ዳገቱን ከዳር እስከ ዳር ከቦታል። እጄን እስከ ብብቴ ሰደድኩት። መጨረሻውን አልነካሁም።

በሩ የሚጣበቀው እንጨቱ በእርጥበት አብጦ አይደለም። ቤቱ ነው የሚጣመመው። ዳገቱ እየወረደ ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ከታች አምስት ጣሪያ። አንዱ ግቢ ልብስ ተሰጥቷል፣ ከአንዱ ጭስ ይወጣል። የባሌ ሳቅ እስከዚህ ይሰማ ነበር።

ሚያዝያ 13

ትናንት ወርጄ ለመሐንዲሱ በጆሮው ነገርኩት። ፊቱ ጥቁር አለ። ግን በሥራዬ ገብቶ አይከራከረኝም። ጋሼን "አስበን እንደውላለን" አልናቸው። አንድ ጠርሙስ ማር አሲዘው ሸኙን።

መኪናው ውስጥ ደብተሩን አውጥቼ ሰረዝኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር። አለቀ።

"ሌላ ይገኛል" አለ።

"ይገኛል።"

ማሩ ጭኔ ላይ ነበር።

ሚያዝያ 16

አንድ መጋዘን። የአደጋ ጊዜ መውጫው ተቆልፏል። ቁልፉስ? ማንም አያውቅም። "አደገኛ" ብዬ ጻፍኩ፣ ባለቤቱን አስፈረምኩ፣ በሩ እስኪከፈት ከዚያ ንቅንቅ አላልኩም። ሁለት ሰዓት ቆምኩ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ካርቶን ነው እኮ...

ዳገቱ ሥር ያሉትንስ? እዚያ ማንን አስፈረምኩ? እኔ የሰረዝኩት ደብተሬ ላይ ነው። ሰዎቹ አልተሰረዙም። ዛሬም እዚያው አድረው ተነስተዋል።

ሚያዝያ 19

ብቻዬን ሄድኩ። ጋሼ ልገዛ የመጣሁ መስሏቸው ወንበር አወጡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዛፉን፣ አጥሩን፣ ስንጥቁን፣ በሩን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ፦

"ዋጋ ለማስቀነስ ነው?"

"አይደለም ጋሼ። እኛ ጭራሽ አንገዛውም።"

"አርባ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። ልጆቼን አሳድጌበታለሁ። ሚስቴን ከዚህ ቤት ነው የሸኘኋት። አንቺ ሁለት ቅዳሜ መጥተሽ ቤትህ ይፈርሳል ትይኛለሽ?"

"መቼ እንደሆነ አላውቅም። ዘንድሮ ላይሆን ይችላል። ግን..."

"ካላወቅሽ ዝም በያ።"

ተነስተው ገቡ። በሩን ሊዘጉብኝ ፈልገው አልዘጋ አላቸው። ከውስጥ ሲታገሉት ውጭ ቆሜ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር።

ሚያዝያ 21

የሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። "በጽሑፍ ያስገቡ፣ ባለሙያ ሲገኝ ይላካል።" መቼ ይገኛል? "ሲገኝ።" ፎቶውን፣ ልኬቱን፣ ንድፉን በሦስት ቅጂ አስገባሁ። እማዬ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "ታዲያ ለምን ከቢሮ ጋር ታወሪያለሽ? ከሰዎቹ ጋር አውሪ እንጂ" አለች።

ሚያዝያ 26

ከሰዎቹ ጋር ለማውራት ደግሞ የሚያውቀኝ ማን አለ? ወደ ወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሄድኩ፤ "ወፍጮ ቤቷ" ነው የምላት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። ጭራሽ ወፍጮውን አጥፍታ አዳመጠችኝ። ለካ ዝም ማለትም ትችላለች።

"እህቴ፣ እኔ ፍየሎቼን እዚያ ላይ ነው የማሰማራው" አለች። "ያቺን ስንጥቅ ልጅ ሆኜ እዘላት ነበር። አሁን አቃተኝ።"

"ስላረጀሽ ይሆናላ።"

"እኔም እኮ እንደዚያ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት!"

አብረን ወጣን። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ የብረት ችካል መታን። ከችካል እስከ ችካል ልክ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር። ሜትሩን ለእሷ ተውኩላት። ፍየል ስታወጣ ጠዋት ጠዋት ለክታ ትደውልልኛለች።

"ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ" አልኳት።

"ቁጥሩን ብቻ" አለች። ማን ያምናታል?

ግንቦት 14

"ሰማንያ።" ሳምንቱን ሙሉ ሰማንያ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ስለ ፍየሎቹ።

ግንቦት 25

ሁለት ቀን ዘነበ። ሰማንያ አንድ ተኩል።

ወፍጮ ቤቷ ወሬውን ቤት ለቤት አዳርሳለች። አራቱ ቤቶች ተራ በተራ ወጥተው ችካሉን በዓይናቸው አይተዋል። እኔ ሺህ ጊዜ ብናገር እንዲህ አይሆንም ነበር። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ትምህርት ቤቱ ሜዳው ላይ ነው፣ ከዳገቱ የራቀ። ርዕሰ መምህሩ ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ክፍል እሰጣለሁ አሉ። ሰማንያ አምስት የደረሰ ቀን ሁሉም ወደዚያ ይገባል። ወፍጮ ቤቷ ቆርቆሮ ትመታለች፤ እሷ ደግሞ "ቆርቆሮ ምን ያደርጋል፣ እጮሃለሁ" አለች። ሁሉም በዚህ ተስማማ።

አንዷ እናት ብቻ አንገቷን ደፍታ "አንድ ክፍል ውስጥ ከባዕድ ሰው ጋር ልብስ እንዴት ይቀየራል?" አለች። መሐንዲሱ ብድግ አለ።

"መጋረጃ!"

በሕይወቱ እንዲህ የተጨበጨበለት ቀን ያለ አይመስለኝም።

ጋሼ አልመጡም።

ሰኔ 8

መሐንዲሱ ስምንት መጋረጃ ሰፋ፣ ከሱቁ ቁርጥራጭ። አንዱ አበባ፣ አንዱ መርከብ፣ አንዱ ደግሞ ሆቴል አዝዞ ያልወሰደው አንበሳ። ዛሬ ሄደን ሰቀልነው። ሠላሳ ሜትሩ ገመድ በሙሉ አለቀ።

"ምን ብዬሽ ነበር?"

ይህንን እስክሞት እሰማዋለሁ። ደስ ብሎኛል ግን።

ሰኔ 29

ሰማንያ ሦስት። የጋሼ ምንጭ ደፍርሷል፣ ሻይ የመሰለ ውሃ ያወጣል አለችኝ። ከላይ ያለው አፈር ከውስጥ እየታጠበ ነው ማለት ነው። ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን አሥር ጊዜ አየሁ።

ሐምሌ 3

ሰማንያ ስድስት።

ፈቃድ ወስጄ ሦስታችንም መጣን። እማዬን እቤት ቆዪ ብንላት ሻንጣዋን ይዛ መኪናው ውስጥ ተገኘች። ስንደርስ አራቱ ቤቶች ወጥተዋል። አሥራ አራት ሰው፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ ፍየል፣ አንድ የተቆጣ ድመት። ልጆቹ የአንበሳው መጋረጃ ጋ እተኛለሁ ብለው ይጣላሉ።

ጋሼ ብቻ ቀሩ። ርዕሰ መምህሩ ሄደው ለመኑ። "ቀስ በቀስ እናየዋለን" አሏቸው።

ሐምሌ 4

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ሰማንያ ዘጠኝ።

"ተሸክመን እናምጣቸው!" አለች ወፍጮ ቤቷ። እጅጌዋን መሰብሰብ ጀምራለች።

"ተዪ" አለች እማዬ። "እኔን ወደሳቸው ውሰዱኝ።"

ጃንጥላ ይዤ ክንዷን ደግፌ አደረስኳት። "አንቺ አጥሩ ጋ ቁሚ" አለችኝ። ቆምኩ። ግን ሁሉም ይሰማል።

"በዚህ ዝናብ ምን አወጣዎት እትዬ?"

"ልለምንዎ መጥቼ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ወጣት ነው፣ ሲንጫጫ ይውላል። እኩያ አጣሁ። ሁለት ሦስት ቀን መጥተው ያጫውቱኝ።"

"ፈርቶ ወጣ ይሉኛል።"

"ይበሉ! እኔን አምና በወንበር ተሸክመው ከሰባተኛ ፎቅ አወረዱኝ። እንደ ዕቃ። ፊቴን ሸፈንኩ። ዓመት ሙሉ አፈርኩ። አሁን ሳስበው... የሚሸከመው ሰው ያለው ምን ያሳፍረዋል? በከንቱ ነው ያፈርኩት።"

ከአፏ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። ዝናብ ስለነበር ማንም አያውቅም።

ጋሼ ወደ ቀፎዎቹ ዞሩ።

"ንቦቼስ?"

"ንቦችዎም ይምጡ። ለእነሱ ቦታ ይጠፋል?"

ሲመሻሽ፣ ንቦቹ ሲገቡ፣ የቀፎዎቹን አፍ በሣር ወትፈን ማጓጓዝ ጀመርን። ጋሼ ያዛሉ፣ መሐንዲሱና ሁለት ጎረቤቶች ይሸከማሉ። "ቀስ በቀስ!" ይላሉ ከኋላ። እኔ ዓይኔን ከዳገቱ ላይ አላነሳሁም። አሥራ አራቱም ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረሱ። መሐንዲሱ አራት ቦታ ተነደፈ፣ አንዱ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ሲያወራ እንኳ ከንፈሩ አይታዘዝለትም። እማዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች።

ሐምሌ 6

እንደ ምንም ልጻፈው።

ጠዋት ዝናቡ አቁሞ ነበር። ፀሐይ ወጣች። አራት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ሻይ እየጠጣን ነው። ጋሼ ተነሱ። "እንግዲህ አባርቷል፣ ልሂድና ቤቱን አየት ላድርግ።"

"መጀመሪያ ሻይዎን ይጨርሱ" አለች እማዬ።

ተቀመጡ።

ሁለት ጊዜ ፉት ሳይሉ ድምፁ መጣ። መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ እንደሚሰማው ነው፤ ግን አያቆምም። ቀና ስንል ዛፎቹ እንደቆሙ ይሄዳሉ። አልወደቁም። እንደቆሙ ነው ወደ ታች የሄዱት። ከዚያ አቧራ... አቧራ እንኳ አይደለም፣ ጭቃ ነው የሚጨሰው። ከዚያ ፀጥ።

ርዕሰ መምህሩ ስም ጠሩ። አሥራ አምስት ሰው። ድጋሚ ጠሩ። አሥራ አምስት። ወፍጮ ቤቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ነበር። ድምፅ ሳታሰማ!

ሦስት ቤት የለም። ቀድሞ የሄደው የጋሼ ነው። ምንጩም፣ ብርቱካኑም፣ ልትቀርላቸው የነበረችው አንዲት ክፍልም።

ጋሼ የበረንዳውን ቋሚ ይዘው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"በሩን በከንቱ ነው ያስላግኩት" አሉ።

እማዬ የቀዘቀዘውን ሻይ ከእጃቸው ተቀብላ ደፋችው። ትኩስ ቀዳችላቸው። ጠጡ።

ሐምሌ 9

ከቢሮው ባለሙያ መጣ። ወጣት ነው፣ ጭቃ ያልነካው ጫማ አድርጎ። እኔ የላክሁት ፎቶ እጁ ላይ አለ። "ይህን ማን ነው የላከው?" ሲል ጋሼ በከዘራቸው አመለከቱኝ።

"ያቺ ናት። ዋጋ ልታስቀንስብኝ የመጣችው።"

ከሦስት ቀን ወዲህ ሲስቁ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው። እኛም አብረን ሳቅን። ባለሙያው ግራ ገባው።

ነሐሴ 14

ወሰንን። የአውሮፕላን ማረፊያው።

መሐንዲሱ ራሱ ነው ያነሳው። ቤት ያጡት ሦስቱም ቤተሰቦች እዚያው ሜዳ ላይ ሊሠሩ ነው። ጋሼ ከኛ ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል ይኖራቸዋል። ዛፍ እንተክላለን። "ቀስ በቀስ ንፋሱ ይቀንሳል" አሉ።

ደብተሩን ገልጬ ለሁለተኛው ቦታ ያን ቀርቶ የነበረውን ስድስተኛ ጥያቄ ጻፍኩበት። ጎረቤት። ስምንት ሰጠሁ። ሁለቱን ለወፍጮ ቤቷ ድምፅ ቀነስኩ።

መስከረም 22

ጣሪያው ተመታ። ማጠራቀሚያው ውሃ ያዘ። አንድም ደረጃ የለም! እማዬ ብቻዋን ወጥታ ብቻዋን ገባች፣ ደጋግማ። ለምን እንደወጣች ስጠይቃት "እንዲሁ" አለችኝ።

ጥቅምት 11

ያለኝን ፈቃድ ሁሉ ወስጃለሁ። ወደ መሥሪያ ቤት የምመለሰው ለመሰናበት ብቻ ነው።

ጠዋት ንፋስ። እማዬና ጋሼ በረንዳው ላይ ዳማ ይጫወታሉ፤ ማለትም ይጣላሉ። "አሁን ያነሱትን ይመልሱ!" "የትኛውን እትዬ?" መሐንዲሱ ስፌት ላይ ነው። ወፍጮው ይጮሃል፣ ባለቤቱ ከእሱ በላይ ትጮሃለች። አሁን አሁን ዝም ስትል ነው የሚያስደነግጠኝ። ለወራት ስፈልገው የነበረው ቤት ይኸው። ሰው የሚበዛበት፣ ሰባት ዓይነት ወሬ የሚሰማበት... ማን ያስብ ነበር?

አራት ሰዓት ገደማ ሦስት ሰዎች መጡ። ከማዶ ሸለቆ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው። አንዷ ሕፃን አዝላለች።

"መሬት የምታየው ሴትዮ እርስዎ ነዎት?"

እኔ የማየው እሳት ማጥፊያ ነው ልበል?

"ናት" አሉ ጋሼ ከዳማው ሳይነሱ።

ከቤታቸው ጀርባ ያለው ገደል ላይ ስንጥቅ አይተዋል። አባወራው ግን አያምንም፣ አልወጣም ብሏል። መሐንዲሱ ይህን ሲሰማ ችካሎቹን መኪና ላይ መጫን ጀመረ። ጋሼም ኮታቸውን ደረቡ።

"እርስዎ ደግሞ የት?" አለች እማዬ።

"አልወጣም ያለ ሰው አለ አይደል? እሷ መሬቱን ታናግር። እሱን እኔ አናግረዋለሁ።"

ሴትዮዋን አስቀመጥኳት፣ ውሃ ሰጠኋት። ደብተሬን ከፈትኩ። አዲስ ገጽ። በፊት ቢሆን የምጀምረው ከውሃው ነበር፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ ተዳፋቱ።

"ስንት ናችሁ እቤት ውስጥ?" አልኳት።

በጣቷ እየቆጠረች ነገረችኝ። ከአዘለችው ጀመረች። ስማቸውን በሙሉ ጻፍኩ።